የደንገል አውሮፕላን ዋጋ

ባለቤቴ አውሮፕላን ሠርቶ አያውቅም። በአውሮፕላን የሄደውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ። ሥራው ግን የአውሮፕላን ዋጋ ነበር። ገበያ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ያንን ማንም ጠይቆ ይደርስበታል ይል ነበር። እሱን የሚያስጨንቀው ገና ያልተሠራው ነው። ማንም አይቶት የማያውቅ ሞተር፣ ማንም ገጥሞት የማያውቅ ክንፍ፣ ከመሠራቱ በፊት ስንት እንደሚፈጅ በምን ይታወቃል? እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ዓመት ካስተማረ በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በዚህ ጥያቄ ላይ ጨረሳቸው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነበርሁ። ቁጥር አልወድም። ስለዚህ እራት ላይ ያስረዳኝ የነበረውን በገባኝ መጠን እጽፈዋለሁ። ያልተሠራን ነገር ዋጋ ለመገመት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማመሳሰል ነው፤ ቀድሞ ከተሠሩት ውስጥ የሚመስለውን ፈልጎ በዚያ ዋጋ ላይ ትንሽ መጨመር ወይም መቀነስ። ሁለተኛው መመዘን ነው፤ የብዙ አውሮፕላኖች ክብደትና ዋጋ አንድ ላይ ተሰልቶ ቀመር ይወጣል፣ አዲሱ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ካወቁ ቀመሩ ዋጋውን ይናገራል። ሦስተኛው መቁጠር ነው፤ እያንዳንዱን ብሎንና እያንዳንዱን የሥራ ሰዓት ከታች ጀምሮ መደመር።

"ታዲያ የትኛው ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

"እሱን ካወቅሁማ ጨረስሁ" አለኝ።

አልጨረሰም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር፣ የቀኙን አስሮ የግራውን ሳይነካ፣ ልቡ ቆመ።

አርባው ከወጣ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቤቴ መጣ። ቤታችን ከከተማው ዳር ሰባታሚት ነው፤ መስከረም ሳይጋመስ ባጃጅ እደጃችን አይደርስም፣ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቆይቶ ነበርና የመጨረሻውን መንገድ በእግሩ መጥቶ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። ከባለቤቴ በዕድሜ ያንሳል፣ ደግ ሰው ነው፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ የባለቤቴን ጥናት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወፍራም ነው።

"መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማጠቃለያው የለም" አለ።

"የት ሄደ?"

"አልተጻፈም። ሠንጠረዡም የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ነው። በሦስቱም መንገድ የተገመተው ዋጋ ተሞልቷል። እውነተኛው ዋጋ የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው።"

ቀጥሎ የመጣበትን ነገረኝ። ኅዳር ላይ ኮሌጁ ጥናቶች የሚቀርቡበት ጉባኤ አለው። ማጠቃለያ የሌለው ጥናት በሟች ስም አይቀርብም፤ ደንቡ ነው። ልፋቱ እንዳይባክን ግን እሱ ሠንጠረዡን በራሱ ጥናት ውስጥ ያስገባዋል።

"የእሱ ስም የት ይሆናል?" አልሁት።

"መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ላይ።"

"ከማን ጋር?"

ጭቃውን ከሱሪው ላይ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። "ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ጋር" አለ።

ለአራት ዓመት እራት የበላሁት ከዚህ ወረቀት ጋር ነው። ፎቶ ኮፒ ያነሱትን ልጆች አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ከእነሱ ሥር ተጽፎ እንዲቀር አልፈለግሁም። ማጠቃለያውን እኔ እንደማመጣ ነገርሁት። እንዴት እንደማመጣው አልጠየቀኝም፤ ሐዘንተኛ ነኝ ብሎ ይመስለኛል። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥናቱን እንደ ተማሪ ድርሰት ቁጭ ብዬ፣ እርሳስ ይዤ፣ በቀን ጥቂት ገጽ እያልሁ አነበብሁት። ቀመሮቹን ዘለልኋቸው። መሐሉን እንዳለፍሁ "የሙከራው ዕቃ" የሚል ርእስ አገኘሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሦስቱን መንገዶች ለማወዳደር ከዚህ በፊት ማንም ሠርቶት የማያውቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ደግሞ በእርግጥ መሠራት አለበት፣ ያለዚያ ግምቱን ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ማስተያየት አይቻልም። ኮሌጁ አውሮፕላን የሚያሠራበት አቅም የለውም። ስለዚህ፣ ይላል፣ "ከደልጊና ከሌሎች የሐይቁ ማዶ ከተሞች ሕሙማንን ለማምጣት የታሰበው አነስተኛ አውሮፕላን አካል በሙሉ መጠኑ ከደንገል እንዲሠራ ተደርጓል።"

ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ደንገል ታንኳ የሚታሰርበት የሐይቁ ዳር ሣር ነው። ሰዋስው ላይ ስሕተት የለበትም።

ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ያህል በየቅዳሜው "የመስክ ሥራ አለብኝ" ብሎ ይወጣ ነበር። ሲመለስ ልብሱ ዓሣ ዓሣ ይላል። እኔ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ የሚበላ መስሎኝ፣ አንድም ቀን ለእኔ ባለማምጣቱ ቂም ይዤ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ይዤው ቆየሁ።

በማግሥቱ ጥናቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቦታ ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ያልደረሰበት ጥግ ነው። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ሾላ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ከኋላቸው በሸራ የተሸፈነ ረጅም ነገር አለ።

"የመምህሩ ባለቤት ነኝ" አልኋቸው።

"ጥቁርሽን ሳይ ገባኝ። ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ፤ ገመዱን አስቀምጠው ደግሞ፣ "ክረምት ላይ ሁለት ቅዳሜ ሲቀር ዋጋውን ፈርቶ የሸሸ መስሎኝ አማሁት። ይቅር ይበለኝ" አሉ።

ሸራውን ገለጡት። አውሮፕላን ነበር። ታንኳ እንደሚታሰረው የደንገል ነዶ ከነዶ ጋር ተጠፍሮ የተሠራ አካል፣ ሁለት ክንፍ፣ ጭራ። አፍንጫው እንደ ታንኳ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ሽማግሌው የታሰረ ደንገል በሌላ አኳኋን ሲያልቅ አይተው አያውቁም። ባለቤቴ ይህን በጥናቱ ውስጥ "አፍንጫው ከንድፉ ጥቂት ይለያል" ብሎ አልፎታል።

"አባባ፣ ዋጋው ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አልናገርም።"

"ለምን?"

"ውሃ ላይ ሳይቀመጥ ዋጋ አልናገርም። አባቴም አይናገር ነበር። ከመንሳፈፉ በፊት የሣር ክምር ነው፤ ለሣር ክምር ምን ብዬ ዋጋ ልጥራ?"

"ይህ እኮ ታንኳ አይደለም። አውሮፕላን ነው።"

"እንግዲያ ይብረርና ልንገርሽ።"

ትንሽ አሰብሁ። "መብረሩ ይቅር፤ ይንሳፈፍ" አልሁ።

"መምህሩም እንዲሁ ነው ያለው" አሉ። ውሃው ላይ ሊያወርዱት የቀጠሩት ክረምቱ እንዳለፈ ነበር። ባዶው ረድፍ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። አራት ዓመት የተለፋበት ጥናት አንድ ሽማግሌ ዋጋ እስኪናገሩ ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ አውሮፕላኑ እስኪንሳፈፍ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። ለክፍሉ ኃላፊ ደወልሁለት። እመጣለሁ፣ ሚዛን ፈልጉልኝ አለ። እሱ የመመዘን ሰው ነው። ባለቤቴ ክብደቱን በግምት ነበር የጻፈው፤ ኃላፊው ደግሞ እውነተኛው ኪሎ ከታወቀ ቀመሩ ከሌሎቹ ሁለት መንገዶች እንደሚበልጥ አይጠራጠርም። ሚዛኑን የጎረቤታችን እህል ነጋዴ ሐጂ አዋሱኝ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

"አውሮፕላን ተመዝኖበት አያውቅም። ግን ሚዛን የሚጫንበትን አይመርጥም። ብቻ ውሃ እንዳታስነኩት" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሰዎች አውሮፕላኑን ተሸክመው ወደ ውሃው ዳር አመጡት። ሚዛኑ ለአንድ ኩንታል ጆንያ የተሠራ ስለሆነ ለአውሮፕላኑ አይበቃም። ስለዚህ ኃላፊው በየተራ እንዲመዘን አደረገ፤ መጀመሪያ አፍንጫው ሚዛኑ ላይ፣ የቀረውን ሰዎች ይዘውት፤ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ጭራው።

"አትደግፉ" ይላል ኃላፊው፤ "ግን አትልቀቁት።"

"ካልደገፍነው ይወድቃል፣ ጋሼ።"

"ሳትደግፉ ያዙት።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ይህ ሰው የሚመዝነው አውሮፕላኑን ነው ሰዎቹን?" አሉኝ። አላወቅሁም።

ሴቶቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። አምስት ስድስት ይሆናሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአንድ ለቅሶ ቤት ይመለሱ ነበር። የታያቸውም ይህ ነበር፤ ስምንት ወንዶች አውሮፕላን ተሸክመው፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከፊት ቆሞ፣ እኔ ከኋላ በጥቁር። ከእነሱ በዕድሜ የገፉት ሴትዮ ቆሙ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚኮራበት ነገር ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ የፈረሰኛ ፈረሱ ተጭኖ ይመጣል፣ የአዳኝ ጠመንጃው ይያዛል። ሴትዮዋ ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙኝ።

"የኔ እናት፣ አብራሪ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"አይደለም፣ እማማ። መምህር ነበር። ያልተሠራ አውሮፕላን ዋጋ በስንት መንገድ እንደሚገመት..."

"ተዪው፣ ልጄ። ዋጋ ምን ያደርጋል" አሉና ድምፃቸውን አወጡ፤

"ከደመና ደመና ሲመላለስ የኖረ፣
ምነው ዛሬ ደርሶ ከውሃ ዳር ቀረ።"

ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው። ተሸካሚዎቹ አውሮፕላኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊው ባርኔጣውን አወለቀ፤ የጭራውን ኪሎ የጻፈበትን ወረቀት ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆመ። ሴትዮዋ ባለቤቴን ከጎንደር ሰማይ ወደ ጎጃም ሰማይ አበረሩት፤ ማዕበል ሲመጣ መሪውን አልለቅም አስባሉት፤ ሕሙማንን ከማዶ አሻገረ አሉ። ይህን የመጨረሻውን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን ክንድ አንቆ የተቀመጠው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ልናገር ፈልጌ ነበር። ነገር ግን በቀብሩ ቀንም በአርባውም ሰው ሁሉ እያየኝ ያልመጣ እንባ መጣና ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ለማላውቀው አብራሪ አለቀስሁለት። ጎበዝ ሰው ነበር።

ሴቶቹ ሲጨርሱ አጽናንተውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ኃላፊው ዓይኑን ጠርጎ፣ "የጭራው ይደገም፤ ንፋስ ነበር" አለ።

ከዚያ አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ወረደ። ተንሳፈፈ። ክንፎቹ ሁለቱን ጎኖች ደግፈው ያዙት፤ ታንኳ እንደሚያደርገው አልተወዛወዘም። ሽማግሌው ክንፎቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸውና፣ "ለካ እብድ አልነበረም" አሉ። ኃላፊው ግን አላረፈም። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አስወጥቶ አስመዘነው፤ ጠዋት ከነበረው በጣም ከብዷል። ሐጂ ውሃ እንዳይነካው ያሉት ሚዛን ኩሬ ውስጥ ቆሟል። ኃላፊው ኪሎውን ቀመሩ ውስጥ አስገብቶ አሰላ።

"ዋጋው ጨምሯል" አለ።

"ማን ጨመረው?" አልሁ።

"ማንም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ተወደደ።"

እንደገና አስነከረው፣ እንደገና መዘነው። እንደገና ጨመረ። በሦስተኛው ጊዜ ስሌቱን አላሳየኝም።

"ቢያድርስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ቢያድር የጄት ዋጋ ያወጣል" አለና እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋጋቸውን የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። ባለቤቴ በማመሳሰል፣ በመመዘንና በመቁጠር ያገኛቸው ሦስቱ ግምቶች ቢደመሩ እንኳ አይደርሱበትም።

"አባቴ፣ ይህ እንዴት ሆነ? ደንገሉ ይታወቃል፣ ገመዱ ይታወቃል። ሥራው ስንት ቀን ፈጀ?" አለ ኃላፊው።

"ሥራው ስምንት ቀን።"

"ታዲያ?"

"ማዳመጡስ?"

"ምን ማዳመጥ?"

"መምህሩ በየቅዳሜው ይመጣል። ይህ ነዶ ስንት ደንገል ነው ይለኛል። እነግረዋለሁ። ለምን ከዚያኛው በለጠ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ባትነግረኝ ኖሮ በስንት ሰዓት ትጨርስ ነበር ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ስለ ሌላው አገር አውሮፕላን ያወራል። እሱ ሲያወራ እጄ ይቆማል። እጄ ሲቆም የለሰለሰው ደንገል ይደርቃል። ከልኩ በላይ የደረቀ ሲጠፈር ይሰነጠቃል። ጥዬው ሌላ አጭዳለሁ። አንዱን ክንፍ አራት ጊዜ ነው የሠራሁት።"

"ማዳመጥ እኮ ወጪ አይደለም፣ አባቴ።"

"ለአንተ አይሆን ይሆናል። እኔ ሥራ ፈትቼ ነው የሰማሁት።"

"እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በነጻ ሰምቻለሁ" አልሁ።

ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ። "ቀድመሽ አልተዋዋልሽማ" አሉ።

ኃላፊው ቢያንስ ግማሹን እንዲቀንሱ ለመናቸው። ለእኔ ለሐዘኔ ሲሉ ሊቀንሱ ፈቃደኛ ነበሩ። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ከቀነሱት በሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው እውነተኛው ዋጋ መሆኑ ይቀራል፤ ያ ረድፍ ደግሞ በእዝን እንዲሞላ አልፈልግም። ሙሉውን ከፈልሁ። ደረሰኝ የላቸውም፤ ኃላፊው በእጁ ጽፎ አሻራቸውን አስደረገበት፤ ባዶውንም ረድፍ እዚያው ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ በራሱ እጅ ሞላው። ስለ መመዘን ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም። ሐቀኛ ሰው ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ቁጥር ሲያሸንፈው ይሸነፋል።

ማጠቃለያውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስቱም መንገዶች የሚሠራውን ዕቃ በደኅና ገምተውታል አልሁ። የሚጠይቀውን ሰው ግን አንዳቸውም አልገመቱትም። ነገሩ አዲስ በሆነ መጠን ጥያቄው ይበዛል፤ ጥያቄው ሲበዛ የሚሠራው እጅ ይቆማል። ስለዚህ ከሦስቱ የትኛውም ይመረጥ፣ የገማቹ ሥራ ራሱ በወጪው ውስጥ ይቆጠር።

ኃላፊው ሲያነበው ቆየ። "'እጅ' የሚለው ለጥናት አይሆንም፤ 'የምርት ሂደት' እንበለው" አለኝ።

"እጅ ነው የቆመው" አልሁት።

እጅ ተብሎ ቀረ።

ኅዳር ላይ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥሁ። ጥናቱን ያነበበው ኃላፊው ነው። የደንገሉ ነገር ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ሳቀ፤ ሠንጠረዡ ሲታይ ሳቁ ቆመ፤ ማጠቃለያው ሲነበብ ደግሞ ማለቁን ማንም ስላላወቀ ማንም አላጨበጨበም። ኃላፊው ራሱ ሌላ ገጽ ያለ መስሎት አገላበጠ። የለም። አንድ መነጽር ያደረገ እንግዳ ከፊት ረድፍ እጁን አወጣ። ክርክር ሊያነሣ መሰለኝ።

"ልጠቅሰው ፈልጌ ነበር" አለ ሰውዬው። "የአጥኚው ስም አመለጠኝ።"

ኃላፊው የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተናገረ። ሰውዬው እየጻፈ ስለነበር ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ ደገመለት።